ሲጠመዘዝ የሚጠፋ ሞተር

ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንከን አይወጣለትም። ዳገት ይወጣል፤ ጠዋትም በአንድ ቁልፍ ይነሳል። አደባባይ ገብቶ መሪው ሲጠመዘዝ፣ ወይም ጠባብ ቦታ ላይ ለማቆም ወዲያና ወዲህ ሲባል ግን ሞተሩ ጸጥ ይላል። ዳሽቦርዱ ላይ ቀያይ መብራቶች ይደረደራሉ፣ መሪው ድንጋይ ይሆናል፣ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ይለቀዋል። ቁልፍ ሲመታ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነስቶ ይሄዳል። ጋራዥ ሲደርስማ ጭራሽ ጤነኛ ነው።

ባለመኪናው ብዙ ጊዜ የሚሰማው የመጀመሪያ ፍርድ «ፓምፑ ነው» የሚል ነው። ሶማሌ ተራ ተኬዶ ያገለገለ የነዳጅ ፓምፕ ይገዛል፣ ይገጠማል፤ መኪናው በማግስቱ እዚያው አደባባይ ላይ ይጠፋል። ፓምፑ አንዳንዴ እውነትም ጥፋተኛ ነው። ከእሱ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ አጠፋፉ እንዴት ነበር? እንደ ኩራዝ ነው ወይስ እንደ መብራት?

ጋዝ ያለቀበት ኩራዝ ቦግ እልም እያለ፣ እያጨሰ፣ ነፍሱ እየወጣች እየተመለሰች ነው የሚጠፋው። መብራት ሲሄድ ግን ማስጠንቀቂያ የለም፤ ድርግም ነው። ሞተርም እንዲሁ ነው። ነዳጅ ያጠረው ወይም ከአቅሙ በላይ ሸክም የተጫነበት ሞተር ይንቀጠቀጣል፣ ይተነፍጋል፣ የዙር መቁጠሪያው ቀስት እየወረደ ይሄዳል። ኤሌክትሪክ የተቋረጠበት ሞተር ባለበት ፍጥነት በአንዴ ጭጭ ይላል። ይህን ልዩነት ልብ ብሎ ለመካኒኩ የሚነግር ሹፌር የሥራውን ግማሽ ሠርቶለታል።

መጠምዘዝ በመኪናው ላይ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል። ሞተሩ ላይ ሸክም ይጭናል፣ በውስጡ ያለውን ፈሳሽ ወደ አንድ ጎን ይደፋል፣ የሚነቃነቀውን ሁሉ ያነቃንቃል። መርማሪው ከእነዚህ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት።

ከሸክሙ ልጀምር፤ በብዛት የሚያጋጥመው እሱ ነውና። ሹፌሩ ለመታጠፍ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሳ ሞተሩ ወደ ሚኒሞ ይወርዳል። የጋራዦቻችን ቋንቋ ጣሊያንኛ ስለሆነ ካንዴላም፣ ፍሪሲዮንም፣ ካምቢዮም፣ ሚኒሞም ከዚያው ናቸው። ሚኒሞ ሞተሩ ሳይሞት ሊቆይ የሚችልበት ዝቅተኛው ዙር ሲሆን በብዙ መኪኖች በደቂቃ ከ700 እስከ 850 ይደርሳል። እዚህ ላይ ትርፍ ጉልበት የለም፤ ሞተሩ የሚያገኘውን ሁሉ ራሱን ለማዞር ይበላዋል። በዚህ ሰዓት ነው የመሪው ፓምፕ መጥቶ ድርሻዬን የሚለው።

ክራይስለር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 ኢምፔሪያል በተባለ መኪናው ላይ ለገበያ ካቀረበው ወዲህ በዓለም የተሰራጨው በዘይት የሚታገዝ መሪ ጉልበቱን የሚወስደው ከራሱ ከሞተሩ፣ በቀበቶ በኩል ነው። መኪናው ቆሞ መሪው እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከ70 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ ከጎማ ነፋስ ሠላሳ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ጤነኛ ሞተር ይህን አስቀድሞ ያውቃል። በአንዳንዶቹ የመሪው ዘይት ቧንቧ ላይ የተገጠመ ትንሽ ማብሪያ ለሞተሩ ኮምፒውተር «ሸክም መጣ» ብሎ ይነግራል፤ ኮምፒውተሩም ትንሽ አየርና ነዳጅ ይጨምራል። በ1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ ሥራው የአንዲት ቫልቭ ነው። ፓምፑ ላይ ተቀምጣ ግፊት ሲነሳ ትከፈትና በሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ ታስገባለች።

የዚህች ቫልቭ ነገር መኪናን በቸኮለ ጥገና እንዴት ማሳመም እንደሚቻል ያሳያል። ስታረጅ የመሪ ዘይት ታፈስሳለች፤ ሞተሩ ዘይቱን በቱቦው ስቦ ያቃጥለውና ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል። ጭሱን ያየ ሰው ሞተሩ ዘይት መብላት ጀመረ ብሎ ይደነግጣል። ነቃ ያለው መካኒክ ምክንያቱን ያገኘዋል፤ ቫልቩን መቀየር ግን ውድ ስለሆነ ቱቦዎቹን በብሎን ይደፍናቸዋል። ጭሱ ቆመ፣ ባለመኪናው አመስግኖ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መሪው በተጠመዘዘ ቁጥር ሞተሩ ይጠፋል፤ ሁለቱን ነገር የሚያገናኝ ሰው ግን የለም።

ቫልቩም ማብሪያውም ደህና ሆነው ሚኒሞን የሚቆጣጠረው የአየር መንገድ በጥላሸት ሊታፈን ይችላል። በመርጫ ማጽጃ መታጠብ ብቻውን ብዙ መኪና አድኗል። በአዲስ አበባ ይህ ችግር ፈጥኖ ይታያል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሩ ከጠረፍ አገር አየር አምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። አዳማ ላይ ያልጠፋ መኪና ሽሮ ሜዳ ላይ ቢጠፋ አይገርመኝም። በዘይት ፋንታ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መሪ ያላቸው ትንንሽ መኪኖችም ከዚህ አያመልጡም። ሸክሙ በዲናሞው በኩል ዞሮ ይመጣባቸዋል፤ የደከመ ባትሪ ወይም የላላ የባትሪ ጫፍ ሲጨመርበት ደግሞ ይከፋል።

ፈተናው ገንዘብ አይጠይቅም። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ በሚኒሞ ላይ እያለ፣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ማዞር ነው፤ ጫፍ ላይ ግን ከጥቂት ሴኮንድ በላይ ይዞ መቆየት የመሪውን ፓምፕ ያቃጥላል። በዚህ ከጠፋ፣ ቀጥሎ ነዳጅ ሰጥቶ ዙሩን ወደ 1,500 ከፍ አድርጎ መድገም። አሁን ካልጠፋ የሸክም ነገር ነው። አንድ ማምለጫ ግን መዝጋት ያስፈልጋል፤ ቀጥ ያለ መንገድ ላይም እግርን ከነዳጅ መስጫው ድንገት አንስቶ ፍሪሲዮን መርገጥ ነው። በዚያም ከጠፋ መሪው በሐሰት ተከሷል። በሽታው የሚኒሞ ሲሆን መጠምዘዙ አጋጣሚው ብቻ ነበር።

ቆሞ ሲሞከር የማይጠፋ፣ እየሄደ ሲታጠፍ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ዓይን ወደ ፈሳሹ ይዞራል። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እየሄዱ 12 ሜትር ራዲየስ ያለውን አደባባይ ቢዞሩ በታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ ውጭ ተገፍቶ ገጹ 22 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። የነዳጅ ፓምፑ አየር እንዳይስብ ዙሪያውን ነዳጅ የሚያቁር ጎድጓዳ ዕቃ ይሠራለታል፤ ያ ዕቃ ሲሰነጠቅ ወይም ያገለገለ ፓምፕ ያለ እሱ ሲገጠም ማዘንበሉ ይጎዳል። ወደ ግራ ሲታጠፍ ብቻ ጠፍቶ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የማይጠፋ መኪና ምስክርነቱን በራሱ ሰጠ ማለት ነው። ከሩብ በታች ሲሆን እየጠፋ ታንኩ ሲሞላ የሚድን ከሆነ ደግሞ ክርክር አያስፈልገውም። ጥቂት ጥቂት እየቀዳን የምንነዳ ሰዎች ይህን ፈተና ሳናውቀው በየቀኑ እንሠራዋለን።

መሪዋ በክንድ ጉልበት የሚዞር አሮጌ ዲኤክስ ወይም ላዳ ከሆነች የመሪ ፓምፕ የለምና የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ካርቡሬተሩ ነው። በውስጡ ባለች ትንሽ ገንዳ የነዳጁን ልክ የሚጠብቅ ተንሳፋፊ አለ። ልኩ ዝቅ ብሎ ከተስተካከለ መኪናዋ ስትዞር ነዳጁ ከመሳቢያው ቀዳዳ ይሸሻል፣ ሞተሩም ይራባል። ከፍ ካለ ይፈስበትና ያንቀዋል፤ ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ይከተላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላኖችን ያስቸገረውም የዚህ ዘመድ ነበር። አፍንጫቸውን ድንገት ወደ ታች ሲደፉ በሮልስ ሮይስ ሞተራቸው ካርቡሬተር ውስጥ ያለው ነዳጅ ወደ ላይ ይወረወርና ሞተሩ ይተነፍግ ነበር፤ በመርጫ ነዳጅ የሚሠራው የጀርመን መሰርሽሚት ግን እየጠለቀ ያመልጣል። እ.ኤ.አ. በ1941 ቢያትሪስ ሺሊንግ የተባለች ኢንጂነር ያቀረበችው መፍትሔ የነዳጁን ፍሰት የምትገድብ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብረት ነበረች።

እንደ መብራት ድርግም የሚል ሞተር ግን ነዳጅም ሸክምም አይደለም፤ የሚነቃነቅ ነገር ነው። ሞተሩን የያዙት ጎማ ያላቸው መያዣዎች ሲበጣጠሱ ሞተሩ በየመታጠፊያው ይወዛወዛል፤ ያረጀ ሽቦ ይወጠራል፣ የተላጠው ከብረት ጋር ይነካካል። እዚህ ላይ ኩራዝ መስሎ የሚያታልል አንድ አለ። ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ሽንሽን ጎማ ሥሩ ላይ ተሰንጥቆ እንደሆነ ሞተሩ ሲወዛወዝ ስንጥቁ ይከፈታል፤ ኮምፒውተሩ ያልቆጠረው አየር ይገባና ሞተሩ ይተነፍጋል። በዓይን ብቻ አይታይም፤ በእጅ ማጠፍ ያስፈልጋል።

ሌላው መፈተሻ ራሱ የመሪው አንገትና ቁልፉ ነው። መሪውን ሳይነኩ፣ ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን በቀስታ ማወዛወዝ። ጀነራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 2.6 ሚሊዮን መኪኖቹን የጠራው ቁልፍ ማስገቢያቸው ልል ስለነበር ነው። የከበደ የቁልፍ ማንጠልጠያ ወይም የጉልበት ንክኪ ቁልፉን ያንሸራትተውና ሞተሩ እየሄደ ይጠፋል፤ የአደጋ ጊዜ የአየር ከረጢቱም አብሮ ይዘጋል። ኩባንያው ያቋቋመው የካሳ ፈንድ የ124 ሰዎችን ሞት ከዚህ ጋር አያይዟል።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እጃችን ላይ ያለው አሮጌ ሞተር ገና ለረጅም ጊዜ አብሮን ይኖራል። እስኪመረመር ድረስ አደባባይ ውስጥ ቢጠፋ መሪው ይከብዳል እንጂ አይቆለፍም፤ በሁለት እጅ መያዝ ነው። ፍሬኑ ውስጥ የቀረው አጋዥ ኃይል ለአንድ ወይም ለሁለት መርገጫ ብቻ ስለሆነ ደጋግሞ መምታት ያባክነዋል፤ አንዴ ረግጦ መያዝ። ማርሹን ዜሮ አድርጎ ማስነሳት። ቁልፉን ግን መኪናው ሳይቆም ፈጽሞ መንቀል የለበትም፤ ያኔ መሪው የምር ይቆለፋል።