ውሃው በዛ ማለት ማጣሪያው ዳነ ማለት ነው?

ብዙ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎችና የባሕር ውሃ አጣፍጠው የሚጠጡ የባሕረ ሰላጤ ከተሞች የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት ማጣሪያ ነው፤ ሪቨርስ ኦስሞሲስ። ፓምፕ ውሃውን በስስ የፖሊአሚድ ሽፋን፣ በሜምብሬን፣ አሳልፎ ይገፋዋል፤ ጨው አብዛኛው ማዶ ይቀራል። ጣጣው ያለው እዚያ የቀረው ላይ ነው። ካልሲየም ማንቆርቆሪያ ሥር እንደሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ሜምብሬኑ ላይ ይለጠፍበታል፣ ባክቴሪያም ዝልግልግ ነገር ያበጅበታል። የሚወጣው ንጹሕ ውሃ ከመነሻው ከ10 እስከ 15 በመቶ ሲቀንስ ማጠብ ነው፤ የቆየ ቆሻሻ እልኸኛ ነው።

ብሩሽ የሚባል ሜምብሬኑን አይነካውም። መድኃኒቱ በዝቅተኛ ግፊት እየዞረ ያጥበዋል፦ ዝልግልጉን አልካሊ፣ ቅርፊቱን አሲድ። አብዛኛውን ጊዜ አልካሊው ይቀድማል፤ አሲድ ከቀደመ ዝልግልጉን ሊያጠነክረው ይችላል። በረኪናማ በጭራሽ፤ ክሎሪን ፖሊአሚድን ይበላዋል።

ከእጥበት በኋላ ውሃው ሲንዶቀዶቅ ሁሉም ደስ ይለዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው፤ የተቀደደ ሜምብሬንም ውሃ በደንብ ያሳልፋላ! ስለዚህ ጨውም ይለካል። ለምሳሌ በሊትር 400 ሚሊግራም ጨው ገብቶ 20 ከወጣ፣ 95 በመቶው ቀርቷል። 80 ከወጣ ግን የቀረው 80 በመቶ ብቻ ነው፤ ውሃው የቱንም ያህል ቢበዛ ማጣሪያው ተጎድቷል። አልካሊ ሽፋኑን ለጊዜው ስለሚያላላው የመጀመሪያው ውሃ ይደፋል፣ ልኬቱም እስኪረጋጋ ይጠበቃል።

ሙቀትም ያታልላል። ውሃው በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 3 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ያልፋል። ከእጥበቱ በፊት ጠዋት በ18 ዲግሪ፣ ከእጥበቱ በኋላ ቀትር ላይ በ23 ዲግሪ የለካ ሰው ምንም ሳያጸዳ 15 በመቶ ገደማ ያተረፈ ይመስለዋል። ግፊቱም እንደዚሁ እኩል መሆን አለበት።

የቤት ውስጡ ትንሽ ሜምብሬን አብዛኛውን ጊዜ አይታጠብም፣ ይቀየራል። ቢሆንም ቲዲኤስ ሜትር የሚሉት እስክሪብቶ መሳይ መለኪያ የሚገባውንና የሚወጣውን ለማነጻጸር ይበቃል። ጀርም ግን አይቆጥርም፤ ሻጮች ይህን መናገር አይወዱም።

ጨው ካለፈም ሜምብሬኑን ለመጣል አይቸኮል። በትልልቆቹ ማጣሪያዎች በርካታ ሜምብሬኖች በአንድ ቱቦ ውስጥ ተቀጣጥለው ስለሚገቡ፣ ጨዋማው ውሃ አንዳንዴ ሾልኮ የሚገባው በመገጣጠሚያቸው ካለች የተበላች ጎማ በኩል ነው።