የጣና ከፍታ በኦም ሲለካ

የጣና ሐይቅ የቆዳ ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የውኃው ወለል በአንድ ሳንቲሜትር ብቻ ከፍ ቢል 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ተጨምሯል ማለት ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በባሕር ዳር አጠገብ በ1996 (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሥራ የጀመረው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብም ሆነ ከ2010 ጀምሮ የሐይቁን ውኃ በዋሻ እየወሰደ ኃይል የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ይህችን ሳንቲሜትር በቸልታ ሊያልፏት አይችሉም። በ2003 የሐይቁ ከፍታ ክፉኛ በማሽቆልቆሉ የመርከብ ጉዞ ተስተጓጉሎ እንደነበር ይታወሳል።

ከፍታን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ውኃው ውስጥ የተተከለ ባለ ቁጥር ሰሌዳ ማንበብ ነው። ሆኖም ሰሌዳው ሌሊቱን ሙሉ የሚያነበው ሰው ይፈልጋል፤ ሞገድ ሲነሣም ንባቡ ያወዛግባል። ሌላው አማራጭ የግፊት ሴንሰርን ከውኃው ሥር ማስቀመጥ ነው። እያንዳንዱ ሜትር ውኃ 9.8 ኪሎፓስካል ግፊት ስለሚጨምር፣ ግፊቱን ያወቀ ከበላዩ ያለውን የውኃ ከፍታ ያውቃል።

ይሁን እንጂ ግፊት በሽቦ አይተላለፍም፤ በመጀመሪያ ወደ እንቅስቃሴ፣ ቀጥሎም ወደ ኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለወጥ አለበት። በሐይቁ ላይ የሚመላለሱትን ጀልባዎች የመሰሉ የናፍጣ ሞተሮች ላይ የዘይት ግፊትን የሚያሳየው የተለመደ መሣሪያ ይህን በግልጽ ያሳያል። ዘይቱ ስስ የብረት ሽፋን ይገፋል፤ ሽፋኑ አንዲት ክንድ ያንቀሳቅሳል፤ ክንዷ በተጠመጠመ የተቃውሞ ሽቦ ላይ ስትንሸራተት ኤሌክትሪኩ የሚያልፍበት የሽቦ ርዝመት ይለወጣል። ለሞተር ይበቃል። ለሐይቅ ግን አይበቃም፤ ሰበቃው ጥቃቅን ለውጦችን ይውጣቸዋል፣ ሽቦውም ያልቃል።

መፍትሔው የመጣው ከቆየ ግኝት ነው። ሎርድ ኬልቪን በ1856 የብረትና የመዳብ ሽቦዎች ሲለጠጡ ተቃውሟቸው እንደሚለወጥ አሳየ። የተለጠጠ ሽቦ ይረዝማል፣ ይቀጥናልም፤ ረጅምና ቀጭን መንገድ ደግሞ ለኤሌክትሪክ ፍሰት አስቸጋሪ ነው። በ1938 ሲመንስና ሩጅ የተባሉ አሜሪካውያን፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ ቀጭን ሽቦ በዕቃ ላይ በማጣበቅ ስትሬን ጌጅን ፈጠሩ። ለውጡ ግን እጅግ ትንሽ ነው፤ 350 ኦም ተቃውሞ ያለው የብረት ጌጅ ርዝመቱ በሺህ አንድ ቢጨምር ተቃውሞው የሚጨምረው 0.7 ኦም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህም አራት ተቃውሞዎች በዊትስቶን ድልድይ ይያያዛሉ (ዘዴውን በ1833 ያፈለቀው ክርስቲ ነበር፤ ስሙን የወሰደው ግን ዊትስቶን ነው)። ሽፋኑ ሲጎብጥ ሁለቱ ይለጠጣሉ፣ ሁለቱ ይጨመቃሉ፤ ሚዛኑ ሲዛባም ጥቂት ቮልቴጅ ይነበባል። በ1954 ቻርልስ ስሚዝ ሲሊከን ሲጨነቅ ተቃውሞው ከብረት በብዙ እጥፍ እንደሚለወጥ ካሳየ ወዲህ፣ ሽፋኑንም ጌጁንም ከአንድ የሲሊከን ቅንጣት መሥራት ተችሏል። እስከ 20 ሜትር ውኃ ለክቶ በሙሉ ጫና 100 ሚሊቮልት የሚሰጥ ሴንሰር ብንወስድ፣ የአንዷ ሳንቲሜትር ድርሻ 0.05 ሚሊቮልት ነው።

ዋናው ፈተና ግን ከውኃው በላይ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ብትገኝም፣ በላይዋ ያለው አየር ከ8 ሜትር የሚበልጥ ውኃ ያህል ይጫናል፤ ይህም ከጣና አማካይ ጥልቀት ጋር ይቀራረባል። ይባስ ብሎ በሞቃታማው የምድር ክፍል የአየር ግፊት በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱም ጥቂት ሄክቶፓስካል ነው። አንድ ሄክቶፓስካል የአንድ ሳንቲሜትር ውኃ ግፊት መሆኑን ልብ ይሏል። አየሩን ያልቀነሰ ሴንሰር የ3 ሄክቶፓስካልን ለውጥ እንደ 90 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይመዘግበዋል፤ ጠብታ እንኳ ሳይዘንብ!

ለዚህም ሲባል በኬብሉ ውስጥ እስከ ውጭው አየር የሚደርስ ቀጭን ቱቦ ይዘረጋል፤ አየሩ በሽፋኑ ጀርባ በኩል ስለሚገፋ ከሁለቱም ወገን ያለው ጫና ይጣፋል፣ የሚቀረውም የውኃው ግፊት ብቻ ይሆናል። ይህ ቱቦ ጠላቱ የክረምት እርጥበት ነው። በጫፉ ላይ የሚደረገው እርጥበት መጣጭ ቅንጣት በጊዜው ካልተለወጠ፣ አንዲት የውኃ ጠብታ ቱቦውን ትዘጋዋለች፤ ከዚያ በኋላ ሴንሰሩ የሰማዩን ለውጥ ከሐይቁ ለውጥ መለየት ይሳነዋል።