ጫት፣ ሕመምና ፍርሃት፦ የቤተ ሙከራ አይጦች ምን ይነግሩናል?

በፈተና ሰሞን ደብተሩንና ጫቱን አብሮ ይዞ የሚቀመጥ ሠልጣኝ ከመካከላችን አይጠፋም። ለምን ሲባል የሚሰማው መልስ ዘወትር ሁለት ነው። አንደኛው «ድካምና ሕመም ያስረሳል» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ፍርሃት ያጠፋል፣ ልብ ይሰጣል» የሚል ነው። ሁለቱም አባባሎች በሣይንስ መንገድ ሊፈተኑ የሚችሉ ናቸው፤ ተፈትነዋልም። የተፈተኑት ግን በአብዛኛው በአይጥ ላይ ስለሆነ፣ ውጤቱን ከማየታችን በፊት አይጥ ሕመሟንና ፍርሃቷን እንዴት አድርጋ «እንደምትናገር» ማወቅ ያስፈልጋል።

እንደሚታወቀው የጌዴኦ መሬት የሚታወቀው ቡናና እንሰት ከትልልቅ ዛፎች ጋር ተሰባጥረው የሚበቅሉበት በመሆኑ ነው። ይኸው የመሬት አጠቃቀም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ሆኖም በዞኑ ዝቅተኛ ቦታዎችና በአጎራባቹ ሲዳማ ጫት የቡናንና የእንሰትን ቦታ እየተሻማ መጥቷል። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፣ የደጃችን ጉዳይ ነው።

ጫት ገዢ መጀመሪያ የሚያየው የቅጠሉን ትኩስነት ነው። ነጋዴውም በኮባ ጠቅልሎ እርጥበቱን ይጠብቃል። ይኼ ልማድ ብቻ ይመስል ነበር። የኬሚስትሪ ሰዎች ከጫት ቅጠል ቀደም ሲል ያገኙት ካቲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ነበር፤ የካቲን ኃይል ግን ቃሚው ከሚሰማው ምርቃና ጋር አልመጣጠን ብሎ ቆየ። በ1975 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ቤተ ሙከራ ከትኩስ ቅጠል ካቲኖን የተባለውን ሌላ ንጥረ ነገር ለየ። ካቲኖን በአሠራሩ የአምፌታሚን ዘመድ ሲሆን፣ ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ኮባው እንግዲህ የካቲኖን ዘበኛ ነው ማለት ነው! ብዙም ሳይቆይ፣ በጄኔቭ የሚሠራው ፒተር ካሊክስ ካቲኖን ከአይጥ አንጎል ሕብረ ሕዋስ ዶፓሚንን እንደሚያስለቅቅ አሳየ። የቡናችን ካፌይን እንዲህ አይሠራም፤ እሱ የሚያደርገው እንቅልፍ የሚጠራውን አዴኖሲን በር ላይ መከልከል ነው።

አሁን ወደ ሕመሙ እንምጣ። አይጥ «አመመኝ» አትልም። ስለዚህ ተመራማሪው በሰዓት የሚለካ ምልክት ይፈልጋል። በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ የሙቅ ምጣድ ፈተና ነው። አይጢቱ ሙቀቱ 55 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሰሌዳ ላይ ትደረግና መዳፏን እስክትልስ ወይም እስክትዘል ያለው ሴኮንድ ይቆጠራል። እንዳትቃጠል የመጨረሻ ገደብ አለ፤ ያ ሲደርስ ምንም ባታደርግ እንኳ ትነሣለች። ሌላው ዘዴ ጅራት ላይ የሙቀት ጨረር አብርቶ ጅራቷን እስክታሸሽ መቁጠር ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሆድ የሚቆርጥ ነገር በመርፌ ሰጥቶ ስንት ጊዜ እንደተኮማተረች መመዝገብ ነው። መድኃኒት የተሰጣት አይጥ ካልተሰጣት ይልቅ ብዙ ከቆየች ወይም ጥቂት ከተኮማተረች፣ ሕመሙ ቀሏል ይባላል።

ኮኖር፣ እያሱ መኮንንና ሮስቶም በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በእነዚህ ሦስት ዘዴዎች የጫትን ጭማቂ ከአምፌታሚንና ኢቡፕሮፌን ከሚባለው የሕመም ማስታገሻ ጋር በአይጦች ላይ አወዳድረው፣ ጭማቂው ሕመም የማስታገስ ጠባይ እንዳለው አግኝተዋል። ታዲያ «ሕመም ያስረሳል» የሚለው አባባል መሠረት አለው። ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሕመም የሚመጣው ለማስጠንቀቅ ነው። ጥርሱ የመገለ ሰው በጫት ሕመሙን ቢረሳ መግሉ አልወጣለትም።

ፍርሃትን መለካት ከዚህ ይከብዳል። በብዛት የሚሠራበት መሣሪያ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ የመስቀል ቅርጽ ያለው መተላለፊያ ነው። ሁለቱ ክንፎች ግድግዳ አላቸው፣ ሁለቱ ግን ገላጣ ናቸው። አይጥ በተፈጥሮዋ ገላጣ ቦታ ትፈራለች፣ ግን ማሰስም ትወዳለች። ፍርሃቷ ሲቀንስ ገላጣው ላይ ብዙ ትቆያለች። ችግሩ ምን መሰላችሁ? እንደ ካቲኖን ያለ አነቃቂ ነገር አይጢቱን እንዲሁ ያስሮጣታል። ገላጣው ላይ የወጣችው ፍርሃቷ ስለጠፋ ነው ወይስ መቆም ስላቃታት? ጠንቃቃ ተመራማሪ ስለዚህ አጠቃላይ እንቅስቃሴዋን ለብቻው ይቆጥራል። የመመረቂያ ጽሑፍ የምታነቡ ሁሉ ይህን ቁጥር ፈልጉ፤ ከሌለ ድምዳሜውን አትመኑ።

ጫት ተደጋግሞ ሲሰጥ ምን ይሆናል ለሚለው፣ ባንጃው፣ ሚሴክና ሽሚት በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ አለ። ለብቻቸው ተነጥለው በኖሩ ትላልቅ አይጦች ላይ የጫት ጭማቂ በተደጋጋሚ በአፍ ሲሰጥ ጠበኝነታቸው ጨመረ። ልብ ይሰጣል የተባለው ነገር ወደ ንክሻ ሲዞር እናያለን። በዝንጀሮ ወገን በሆኑ እንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ እንስሳቱ ካቲኖን ለማግኘት ማንሻውን ደጋግመው ይጫኑ ነበር። ሰው ላይ ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣውን ድብርትና ዱካክ ለቃሚ ማስረዳት አያሻንም።

በዚህ መስክ ዛሬ ዓለም በብዛት የሚያወራው ግን ስለ ሌላ ቅጠል ነው። ከካናቢስ የሚገኘው ካናቢዲዮል የሚያሰክረው ንጥረ ነገር አይደለም፤ የሚያሰክረው ቴትራሃይድሮካናቢኖል ይባላል። በ1990 እ.ኤ.አ. ብራዚላውያን ተመራማሪዎች በዚያው የመስቀል መተላለፊያ ላይ ፈትነውት፣ በኪሎ 2.5፣ 5 እና 10 ሚሊ ግራም ሲሰጥ አይጦቹ ወደ ገላጣው ክንፍ መውጣት አበዙ፤ 20 ሲሆን ግን ውጤቱ ጠፋ። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ነርቫቸው የተጎዳ አይጦች ዝቅተኛ መጠን ለሰባት ቀን ተሰጥቷቸው ሕመማቸውም ፍርሃታቸውም ቀለለ። አሜሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. የፈቀደችው መድኃኒት ግን ለብርቱ የሕፃናት የሚጥል በሽታ እንጂ ለሕመምና ለፍርሃት አልነበረም። በአገራችን ካናቢስ ማብቀልና መሸጥ ወንጀል መሆኑም አይዘነጋ።

«10 ሚሊ ግራም በኪሎ» የሚለውን ብዙ ሰው በቀጥታ ያባዛል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 600 ሚሊ ግራም ይሆናል ማለት ነው። ስሕተት ነው። የትንሽ እንስሳ ሰውነት መድኃኒትን ቶሎ ስለሚያቃጥል፣ በተለመደው ስሌት የትልቋ አይጥ መጠን ለሰው በ6.2 ይካፈላል፤ የሚመጣውም 97 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጥሩ ምሳሌ ይወጣዋል።

ለማስተማር ልምምድ የምትወጡ ሠልጣኞች አይጥ ባትነኩ እንመክራለን፤ ንክሻዋ በሽታ ያመጣል። ጫጩት ግን በየቤቱ አለ። አንዷን ጫጩት ከእናቷና ከጓደኞቿ ለይታችሁ በካርቶን ውስጥ ለሁለት ደቂቃ አስቀምጡና ጩኸቷን ቁጠሩ። ጥቂት አሳርፋችሁ ደግሞ ከካርቶኑ ግድግዳ ላይ መስተዋት አቁሙና እንደገና ቁጠሩ። ራሷን በመስተዋት ያየች ጫጩት አብዛኛውን ጊዜ ጩኸቷን ትቀንሳለች። ከግማሾቹ ጫጩቶች ጋር በመስተዋቱ ጀምሩ፣ ከሌሎቹ ጋር ያለ መስተዋቱ። ጩኸቱን የሚቆጥረው ተማሪ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥ፤ መስተዋቱ መኖር አለመኖሩም አይነገረው።