ለምለም ሁሉ መኖ አይደለም
ለቤት ጥንቸል የሚሆነውንና የማይሆነውን ቅጠል ስለ መለየት

በነቢዩ በኤልሳዕ ዘመን በጌልገላ ራብ በሆነ ጊዜ ከነቢያት ልጆች አንዱ ለወጥ የሚሆን ቅጠል ሊለቅም ወደ ሜዳ ወጣ። አንድ የዱር ሐረግ አገኘና ፍሬውን በልብሱ ሞልቶ ተመለሰ፤ ምንነቱን ሳይመረምርም ከትፎ በምንቸቱ ጨመረው። የቀመሱት ሰዎች መርዝ መሆኑን ዐውቀው በጮኹ ጊዜ ነቢዩ ዱቄት አስመጥቶ ጉዳቱን አራቀላቸው። ያ ሰው ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ትጉህ ነበር፤ የጐደለው ዕውቀት ብቻ ነው። እኛም በቤታችን ይህንኑ የመሰለ ስሕተት ሠርተናል፤ ነገር ግን የኤልሳዕ ዱቄት አልነበረንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንጅባራ በምንኖርበት ቤት ከባሕር ዳር የመጣ ዘመድ ለልጆቻችን ሁለት ነጫጭ ጥንቸሎች አምጥቶላቸው ነበር። ጥንቸል በኦሪት ሕግ ከማይበሉት እንስሳት አንዷ ናትና ጎረቤቶቻችን «የማይበላ እንስሳ ማኖር ምን ይጠቅማል?» እያሉ ይጠይቁን ነበር። እኛም «ሕጉ ከማዕድ ከለከላት እንጂ ከርኅራኄ አልከለከላትም፤ ልጆቹ ማዘንን ይማሩባታል፤ ፍጓም ለጓሮ ጎመን ይበጃል» ብለን እንመልስ ነበር።

በሰኔ ወር፣ ዝናቡ ምድሩን አረንጓዴ ባለበሰው ጊዜ፣ የዐሥር ዓመት ልጃችን «አባባ፣ ዛሬ ምን ልጨድላቸው?» ብሎ ጠየቀን። የፈተና ወረቀት እያረምን ስለ ነበር ቀና እንኳ ሳንል «ለምለም ቅጠል ሁሉ ይበላሉ» አልነው። ልጁም ከጓሮ አንድ እቅፍ የድንች ቅጠል አጭዶ ሰጣቸው። ማታውን አንደኛዋ ጥንቸል መብላት ተወች፤ ጀርባዋን አጕብጣ በሣጥኗ ጥግ ተቀመጠች፤ ጥርሷንም ታፋጭ ነበር። «ነገ ይሻላታል» ብለን ተኛን። በማግሥቱ ቀትር ሳይሆን ሞተች። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «አባባ፣ ለምለም ሁሉ ይበላሉ ብለውኝ አልነበረምን?» አለን። መምህር ነን፤ ለጥያቄ መልስ መስጠት ሥራችን ነው፤ ለዚያ ጥያቄ ግን መልስ አልነበረንም።

ስለዚህ ሁለተኛዪቱን ለማዳን ስንል ተማሪ መሆን ግድ ሆነብን። ከሁሉ አስቀድሞ የተማርነው ስለ ጥንቸሏ ተፈጥሮ ነው። በአማርኛ በተራራችን የምትሮጠውንም በሣጥን የምትኖረውንም «ጥንቸል» ብለን እንጠራለን፤ ሁለቱ ግን ልዩ ልዩ ናቸው። የዱሪቱ ግልገሎቿን በሜዳ ጠጕር ለብሰው ዓይናቸው ተከፍቶ ትወልዳለች፤ የቤቲቱ ግን ዘሯ ከአውሮፓ ምዕራብ ከእስፓንያ ምድር የመጣ ሲሆን ግልገሎቿ ዕራቁታቸውን ዓይናቸው ተጨፍኖ ይወለዳሉ። የዱሪቱ በምታውቀው አገር መርጣ ትበላለች፤ የቤቲቱ ግን ምርጫዋ በእኛ እጅ ላይ ያለው ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ትምህርት ያገኘነው ከአንድ ሽማግሌ የፈረስ ባለቤት ነው። የአዊ ምድር የፈረስ ምድር እንደ ሆነ ያልሰማ የለም፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ሽማግሌው ነገራችንን ሰምተው እንዲህ አሉን፦ «መምህር፣ በሬ የበላውን መልሶ ያመሰኳል፤ ፍየልም እንዲሁ። ፈረስ ግን የዋጠውን አይመልስም። ስለዚህ ለፈረስ የምናውቀውን እንጂ ያገኘነውን አንሰጥም።»

ይህ አነጋገር ከሳይንስ ትምህርት ጋር የተስማማ ነው። ጥንቸልም እንደ ፈረስ ማስታወክ አትችልም፤ መርዝ ከዋጠች መመለሻ የለውም። የሁለቱም መኖ የሚብላላው በጨጓራ ሳይሆን በኋለኛው አንጀት ነው። ጥንቸል ከዚያ የሚወጣውን ለስላሳ ፋንድያ መልሳ ትበላለች፤ እንዲህ በማድረጓም ምግቧን ሁለት ጊዜ ትጠቀምበታለች። ይህን ያየ ልጅ ቢጸየፍ፣ የጤንነቷ ምልክት መሆኑን ወላጆች ይንገሩት። ጥርሷም ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋልና የሚያፍጨው ሻካራ ሣር ያስፈልገዋል። እንግዲህ የጥንቸል ዋና ምግብ ሣርና ድርቆሽ ነው፤ ቅጠላ ቅጠሉ ጭማሪ ነው፤ እህል ሲበዛባት ግን ሆዷን ያውካል።

በአካባቢያችን ለእርስዋ የሚሆነው ብዙ ነው። አስቀድሞ በየመስኩ ያለው ሰርዶ ይጠቀሳል። ቀጥሎ ጎርጠብ አለ፤ ቅጠሉ እንደ ጦር ጫፍ የሾለ ሲሆን ጅማቶቹ ከሥሩ እስከ ጫፉ ጎን ለጎን ስለሚሄዱ ልጅ እንኳ በቀላሉ ይለየዋል። ዘሩ ሲደርቅ በልብስ ላይ የሚጣበቀው ጭጎጎትም ዘር ሳያፈራ፣ ገና ለምለም ሳለ ይሰጣል። የእንጅባራ አካባቢ ሀብት የሆነው የቀርከሃ ቅጠል በበጋ ሣር ሲጠፋ መልካም መኖ ነው፤ ለጋው ቡቃያ ግን ጥሬውን መርዝ ስላለበት አይሰጥም። ለጥርሷም የወይራ ጭራሮ ከነቅጠሉ ቢሰጣት ትፍቀዋለች።

ስለ ማገጥ ለብቻው መናገር ይገባል። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ያለው መስክ ክረምቱ ሲወጣ በማገጥ ይሸፈናል፤ ጥንቸልም እጅግ ትወደዋለች። ነገር ግን ብቻውን በብዛት፣ ይልቁንም እንደ ረጠበ ሲሰጥ፣ ሆድ ይነፋል። ስለዚህ ከብዙ ሣር ጋር ጥቂት ተቀላቅሎ፣ ጠውለግ ካለ በኋላ ይሰጥ። የተረፈው በጥላ ደርቆ ከድርቆሽ ጋር ለበጋ ይቀመጥ።

አሁን ወደማይሰጠው እንመለስ። የድንች ቅጠልና ግንድ መርዝ አለበት፤ ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነው ድንችና ጕንቍሉ ይህንኑ መርዝ ይይዛሉ፤ መቀቀልም አያጠፋውምና ለሰውም አይበጅም። የባንጃ ገበሬ ድንች አምራች ስለ ሆነ ይህ ቅጠል በየጓሮው አለ፤ የእኛም ስሕተት የመጣው ከዚሁ ቅርበት ነው። የቲማቲም ቅጠልና እንቧይም የድንች ዘመዶች ናቸውና ይራቁ። ጉሎ ፍሬውም ቅጠሉም ክፉ ነው። የቁልቋል ወተት አፍንና ዓይንን ያቃጥላል። ለአጥር የሚተከለው የወፍ ቆሎ የከብትን ጉበት ይጎዳል። የአቮካዶ ፍሬ ለሰው መልካም ቢሆንም ቅጠሉ ጥንቸልን ይገድላል። እንዶድ ለልብስ ሳሙና ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ልብስ በታጠበበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ኃይሉን እንደ ደረሱበት የታወቀ ነው፤ ለጥንቸል ሆድም አይሆንም።

አስተናግር፣ በሌላ ስሙ አጤ ፋሪስ፣ ልዩ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። አንዳንድ ጥንቸሎች ይህን መርዝ የሚሰብር ነገር በደማቸው ውስጥ እንዳለ ሊቃውንት አረጋግጠዋል፤ ሁሉም ግን የላቸውም። ስለዚህ አንዲት ጥንቸል በልታው ብትድን ለሌላይቱ ምስክር አይሆንም፤ ለሚያጭደው ልጅማ እጅግ አደገኛ ነው። «እንስሳ የበላውን ሰው ቢበላ ምን ይሆናል?» የሚለው አሳብ ከቤታችሁ ይውጣ።

የአጨዳውም ስፍራና ሰዓት ይመረጥ። ፀረ አረም ከተረጨ ማሳ ዳር፣ መኪና ከሚበዛበት መንገድ ዳርና ውሻ ከሚጸዳዳበት ቦታ አይታጨድ። ጤዛው ከረገፈ በኋላ ማጨድ መልካም ነው፤ ተከምሮ የሞቀ ወይም የሻገተ ሣር ይጣል። አዲስ ቅጠል ሲጀመር በአንድ ቀን አንድ ዓይነት፣ ያውም ጥቂት ብቻ ሰጥቶ እስከ ማግሥቱ መጠበቅ ይገባል። ንጹሕ ውኃ ከፊቷ አይታጣ። ጥንቸል ግማሽ ቀን ያህል መብላት ወይም ፋንድያ መጣል ከተወች «ነገ ይሻላታል» አይባልም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው። ይህን ቃል የምንጽፈው ያን ሌሊት ተኝተን ስላደርን ነው።

ውድ ወላጆች ሆይ፣ ልጅ የምንነግረውን ሁሉ አምኖ ይሠራልና ሳናስብ የተናገርነው አንድ ቃል በእርሱ እጅ ሥራ ሆኖ ይገኛል። ለልጃችን ጥያቄ በመጨረሻ የሰጠነው መልስ «እኛ ተሳስተናል፤ አንተ የታዘዝከውን አደረግህ» የሚል ነበር። ከዚያም አብረን በመስኩ እየዞርን የቅጠሎቹን ስም ከሽማግሌው ተማርን። ዛሬ ልጁ ከአጨዳ ሲመለስ እቅፉን በደጃፍ ያወርድና አንድ በአንድ ስማቸውን ይጠራል፤ ሰርዶ፣ ጎርጠብ፣ ማገጥ እያለ። ስሙን ያላወቀውን ቅጠል የቱንም ያህል ለምለም ቢሆን ወደ ጎን ያኖረዋል። ሁለተኛዪቱ ጥንቸልም በሕይወት አለች።