በብሪታንያ ገጠር የእግር ጉዞ ስለ ማሰናዳት



በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ የሚውል ሰው በዕረፍቱ ወራት ከወረቀትና ከማኅተም ርቆ በገጠር በእግሩ ለመጓዝ ቢመኝ ምኞቱ የተገባ ነው። በብሪታንያ አገር ድንኳንና ስንቅ አዝሎ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ መጓዝ የብዙ ሰው ልማድ ሲሆን፥ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደዚያ የሚሄዱ ወገኖቻችንም ከወዳጆቻቸው ጋር አብረው ይወጣሉ። የዛሬው ንግግሬ ይህን ጉዞ የሚያስብ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ምን ማሰናዳት እንደሚገባው የሚያስረዳ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ፥ የተራራው ዝቅተኛነት ማንንም አያታልል። ከብሪታንያ ተራራዎች ሁሉ የሚበልጠው በስኮትላንድ የሚገኘው ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር፥ ከእንግሊዝ ተራራዎች የሚበልጠው ስካፌል ፓይክ ደግሞ 978 ሜትር ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነች በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይል ይሆናል። ነገር ግን እነዚህ ተራራዎች ወደ ሰሜን ርቀው በባሕር አጠገብ የቆሙ ስለ ሆኑ፥ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነሣው ነፋስና ዝናም ያለ ከልካይ ይደርስባቸዋል። ማለዳ ብራ የነበረው ሰማይ ቀትር ሳይሆን በጭጋግ ይዘጋል።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን በመጋቢት 1964 በፒክ ዲስትሪክት የደረሰው አደጋ ነው። ከ60 ኪሎ ሜትር በሚበልጠው «ፎር ኢንስ» በተባለው የእግር ጉዞ ውድድር ላይ ሦስት ወጣት ስካውቶች በብርድ ሞቱ፤ በዚያ አውራጃ ከፍተኛው ስፍራ ግን 636 ሜትር ብቻ ነው። በ1953 የኤቨረስትን ተራራ ድል ካደረገው ጓድ ጋር የተጓዘው ሐኪም ግሪፊዝ ፒው ነገሩን መርምሮ ጽፏል። የምርመራውም ፍሬ ነገር፥ እርጥብ ልብስ፥ ነፋስና ድካም በአንድነት ሲገናኙ፥ ብርዱ ውኃ የሚያረጋ ባይሆን እንኳ፥ ለሞት የሚያደርሱ መሆናቸው ነው። የራሰ ልብስ ነፋስ ሲመታው ሙቀት የመጠበቅ ኃይሉን አብዛኛውን ያጣል፤ የደከመ ሰውነትም የጎደለውን ሙቀት መተካት ይሳነዋል።

ስለዚህ የልብስ ነገር የጌጥ ነገር አይደለም። ከገላ የሚገናኘው ልብስ ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ጨርቅ ይሁን፤ ጥጥና ጂንስ ውኃ ይዘው ስለሚቆዩ ይቅሩ። በላዩ ሹራብ፥ ከሁሉም በላይ ዝናም የማያስገባ ካፖርትና ሱሪ ያስፈልጋል። ለሌሊት የሚሆን አንድ ደረቅ ልብስና የመኝታው ከረጢት ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ተጠቅልለው ይያዙ። ጫማውም አስቀድሞ እግር የለመደው ይሁን።

ሁለተኛው ካርታ ነው። በ1791 የተቋቋመው ኦርድናንስ ሰርቬይ የተባለው የካርታ መሥሪያ ቤት ለእግረኛ የሚያሳትመው ካርታ፥ በወረቀቱ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነው በምድር ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ሕዝብ እንዲያልፍባቸው በሕግ የተፈቀዱት መንገዶች በአረንጓዴ ነጠብጣብ ተመልክተዋል። የእጅ ስልክ መንገድ ቢያሳይም በብርድ ጊዜ ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ፥ የወረቀት ካርታና ኮምፓስ አይለዩ።

ሦስተኛው የጊዜ ሒሳብ ነው። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ኔይስሚዝ በ1892 ያወጣው ደንብ ዛሬም ያገለግላል። በሜትር ሲተረጐም፥ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፥ ለ600 ሜትር ዳገት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይታሰባል። ስለዚህ 900 ሜትር ዳገት ያለበት የ15 ኪሎ ሜትር መንገድ፥ ዕረፍቱ ሳይቈጠር፥ አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የቀኑም ርዝመት እንደ አገራችን የተስተካከለ አይደለም፤ በሰሜን እንግሊዝ በሰኔ ወር ብርሃኑ 17 ሰዓት ያህል ሲቆይ፥ በታኅሣሥ መጨረሻ ግን ፀሓይ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች።

አራተኛው የማደሪያ ነገር ነው። በዚያ አገር የእግረኛ መብት በትግል የተገኘ ነው። በሚያዝያ 1932 በዚያው በፒክ ዲስትሪክት በኪንደር ስካውት ኮረብታ ላይ መቶዎች የሚሆኑ ሰዎች የባለርስቶቹን ክልከላ ተላልፈው ወጡ፤ ከነርሱም አምስቱ ታሰሩ። በ1949 የብሔራዊ ፓርክ ሕግ ወጣ፤ በ1951 ፒክ ዲስትሪክት የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ የ2000 ሕግም በእንግሊዝና በዌልስ በተራራና በተወሰነ ዱር እንደ ልብ መሄድን ፈቀደ።

ሆኖም መሄድ የተፈቀደበት ሁሉ ማደር የተፈቀደበት አይደለም። በእንግሊዝና በዌልስ ድንኳን ለመትከል የባለመሬቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። በዳርትሙር የጋራ መሬት ላይ ያለፈቃድ ማደር እንደሚቻል ግን የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2025 አጽንቶታል። በስኮትላንድ የ2003 ሕግ ጥቂት ሰዎች ከቤትና ከመንገድ ርቀው ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት እንዲያድሩ ይፈቅዳል፤ በሎክ ሎሞንድ አካባቢ ባሉ አንዳንድ ስፍራዎች ግን ከመጋቢት እስከ መስከረም የፈቃድ ወረቀት ይጠየቃል። ለጀማሪ የሚሻለው ክፍያ ያለው የድንኳን ሰፈር አስቀድሞ መያዝ ነው። በማናቸውም ስፍራ ቢሆን የተዘጋ በር ተዘግቶ፥ የተከፈተም ተከፍቶ ይተው፤ ቈሻሻም ከባለቤቱ ጋር ይመለስ።

በመጨረሻ፥ መንገደኛው የሚሄድበትን ስፍራና የሚመለስበትን ሰዓት ጽፎ ለሚያምነው ሰው ይተው። አደጋ ቢደርስ በስልክ ቍጥር 999 ፖሊስን፥ በፖሊስም በኩል የተራራ አዳኞችን መጥራት ይቻላል፤ እነርሱም ያለደመወዝ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስልክ ባይሠራ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ፊሽካ መንፋት፥ አንድ ደቂቃ ማረፍ፥ እንደ ገና መንፋት የታወቀ የድረሱልኝ ምልክት ነው።

አድማጮቼ፥ በዕቅዱ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው መስመር የመመለሻው ሰዓት ነው። ይህን ሰዓት በጠረጴዛው ላይ በጽሑፍ የወሰነ ሰው፥ ጭጋግ ሲወርድና ጓደኞቹ «ጥቂት ብቻ ቀርቷል» ሲሉ፥ ሳያፍር ፊቱን ያዞራል። «ከመሞት መሰንበት» የሚለው የአባቶቻችን ቃል በእንግሊዝ ኮረብታ ላይም ይሠራል።