ለዝና የሚዋሽ ውሸት

ሰው ስለ ምን ይዋሻል ተብሎ ቢጠየቅ ከጥንት ጀምሮ የሚሰጠው መልስ ሁለት ነው። አንደኛው ከቅጣት ለመዳን፣ ሁለተኛው ጥቅም ለማግኘት። በዘመናችን ግን ሦስተኛው ምክንያት ከሁለቱ ይልቅ ጎልቶ ይታያል፤ ይኸውም ሰው ዘንድ ለመታየትና ለመወደስ ሲባል የሚዋሽ ውሸት ነው። ይህ ዓይነቱ ውሸት ትናንት የተወለደ አይደለም። ነገር ግን ማኅበራዊ መገናኛ የሚባለው መሣሪያ ከመጣ ወዲህ እንደ ማናቸውም ሸቀጥ ገበያ ወጥቶለታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ገበያው እንዴት እንደሚሠራና ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ በአጭሩ ማስረዳት ነው።

በዚህ ጉዳይ ከተሠሩት የሽሙጥ ፊልሞች አንዱ «ኖት ኦኬይ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «ደኅና አይደለሁም» እንደ ማለት ነው። ደራሲዋም አዘጋጇም ክዊን ሼፈርድ ስትሆን፣ ፊልሙ ለተመልካች የቀረበው ሐምሌ 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ዋናዋ ባለታሪክ ዳኒ ሳንደርስ በኒውዮርክ አንድ መጽሔት ዘንድ የምትሠራ፣ ወዳጅ የሌላት ወጣት ናት። ለጸሐፊዎች ጉባኤ ፓሪስ የሄደች ለመምሰል ከቤቷ ሳትወጣ ፎቶግራፎቿን በኮምፒዩተር እያቀናበረች ታሰራጫለች። በዚያው ሰሞን ፓሪስ በሽብር ጥቃት ትመታለች። ወላጆቿም የማያውቋትም ሰዎች «በሕይወት አለሽ ወይ?» እያሉ ሲጨነቁላት፣ እውነቱን በመናገር ፈንታ ከአደጋው ተርፌአለሁ ትላለች። የተረፈ ሰው እንዴት እንደሚናገር ለመማር ከጥቃት የተረፉ ሰዎች ወደሚሰበሰቡበት ትገባና ሮዋን ከምትባል፣ በትምህርት ቤት ከደረሰ ተኩስ ከተረፈች ልጅ ጋር ትወዳጃለች። የልጅቱን ሐዘን ቀድታ የራሷ በማድረግ ጽፋ ዝነኛ ትሆናለች። በመጨረሻ ውሸቱ ሲጋለጥ ፊልሙ ትልቁን ቦታ የሚሰጠው ለዳኒ ጸጸት ሳይሆን በመድረክ ላይ ቆማ ለምትናገረው ለሮዋን ቁጣ ነው። ዳኒ ይቅርታ ልትጠይቅ መጥታ፣ ይህን ሰምታ፣ ሳትናገር ትሄዳለች።

ይህ ተጋነነ የሚል አንባቢ ቢኖር እውነተኛው ታሪክ ከፊልሙ የባሰ መሆኑን ይወቅ። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. በኒውዮርክ መንትያ ሕንጻዎች ላይ ጥቃት ከደረሰ በኋላ፣ ታኒያ ሄድ የምትባል ሴት በደቡቡ ሕንጻ 78ኛ ፎቅ ላይ ነበርሁ እያለች ትናገር ነበር። የተረፉት ሰዎች ባቋቋሙት ማኅበር ውስጥ እስከ ፕሬዚዳንትነት ደረሰች። በመስከረም 2000 ዓ.ም. ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ታሪኳን ሲመረምር አልጸና አለ፤ በጥቃቱ ዕለት በአሜሪካ አገር እንኳ እንዳልነበረች ኋላ ታወቀ። በዚያን ጊዜ ቲክቶክ አልተፈጠረም፤ ስለዚህ ሕመሙ ከስልኩ በፊት የነበረ መሆኑን እንረዳለን።

እንዲያውም በእኛ በኢትዮጵያውያን ስም የተዋሸ ከዚህ የቀደመ ውሸት አለ። ጥር 30 ቀን 1902 ዓ.ም.፣ ማለትም ከዓድዋ ድል 14 ዓመት በኋላ፣ ዐፄ ምኒልክም በሕመም ላይ ሳሉ፣ ጥቂት እንግሊዛውያን ወጣቶች ፊታቸውን አጥቁረው፣ ጢም ለጥፈው፣ ካባ ደርበው «የአቢሲኒያ መሳፍንት ነን» በማለት ድሬድኖት የተባለውን የእንግሊዝ የጦር መርከብ ለመጎብኘት ሄዱ። መሪያቸው ሆረስ ዲ ቪር ኮል ነበር፤ ከመካከላቸውም ኋላ በድርሰት የታወቀችው ቨርጂኒያ ዉልፍ ነበረች። የባሕር ኃይሉ መኮንኖች በክብር ተቀበሏቸው። የኢትዮጵያን መዝሙር የሚያውቅ ስለ ጠፋ ባንዱ የዛንዚባርን መዝሙር መታላቸው። «መሳፍንቱ» የሚነጋገሩበትም ቋንቋ ከላቲንና ከግሪክ ግጥም የተቈራረሰ ነበር። ይህ ሁሉ በጓደኛሞች መካከል ቢቀር ቀልድ በተባለ። ነገር ግን ልብሱን እንደ ለበሱ ፎቶግራፍ ተነሥተው ነበርና ሥዕሉ ዴይሊ ሚረር በተባለው ጋዜጣ ላይ ወጣ። የቀልዱ ዋና ግብ መታየቱ ነበር ማለት ነው። ስሙ የተነገደበት ሕዝብ ግን ማንም አልጠየቀውም።

እንግዲህ ዛሬ የተለወጠው ምንድር ነው? ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ዝና በቁጥር ተለካ። ፌስቡክ በ2001 ዓ.ም. «ላይክ» የተባለውን ምልክት ካወጣ ወዲህ የሰው ውዳሴ እንደ ሚዛን ቤት ሒሳብ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ይነበባል። ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይፈለጋል እንጂ በቃኝ አይባልም።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው ራሱ ያዳላል። ድርጅቶቹ የሚያተርፉት ሰው በማስታወቂያ ፊት ረጅም ጊዜ ሲቈይ ነው፤ ስለዚህ የሚያስደነግጠውንና የሚያስለቅሰውን አስቀድመው ያቀርባሉ። የአሜሪካ የኤም አይ ቲ ሊቃውንት በ1998 እና በ2009 ዓ.ም. መካከል በትዊተር ላይ የተሠራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን መርምረው፣ በ2010 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፣ ሐሰተኛው ወሬ ከእውነተኛው ይልቅ በሌላ ሰው የመተላለፍ ዕድሉ በ70 በመቶ ይበልጣል። እውነተኛው ወሬ 1,500 ሰው ዘንድ ለመድረስ የሚወስድበት ጊዜም ከሐሰተኛው ስድስት እጥፍ ያህል ነው። ሐሰት ፈጣሪው እንደ ልቡ ስለሚቀርጻት ሁልጊዜ አዲስ ናት፤ እውነት ግን እንደ ሆነች ትነገራለች።

ሦስተኛውና ለእኛ ዋናው፣ ምስክር ጠፋ። ይህን ለመረዳት ካዛንቺስን መመልከት ይበቃል። የሰፈሩ ስም የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ምሕጻረ ቃል «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው ነው። ሰፈሩን ሰፈር ያደረገው ግን ጣሊያን የሠራው ቤት ሳይሆን ዕድሩ፣ ማኅበሩና ዕቁቡ ነው። ዕድር ውስጥ ሐዘን እንዲያው በቃል አይታመንም። አባሉ የቤተ ሰቡን ስም አስቀድሞ ያስመዘግባል፤ ሰው ሲሞት ጡሩንባ ይነፋል፤ ዳኛውና ጸሐፊው ይመጣሉ፤ ጎረቤት ድንኳን ይተክላል፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ይከፈላል። በዚህ ዓይነት ሥርዓት መካከል «አባቴ ሞተብኝ» ብሎ የሚዋሽ ሰው አንድ ቀን አያድርም። ዕድር እንዲህ የሚጠነቀቀው ሰውን በመጠርጠር አይደለም፤ እውነተኛው ሐዘንተኛ ሳያፍርና ሳይለምን እንዲረዳ ብሎ ነው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንቺስ አሮጌው መንደር ብዙው ክፍል ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ልዩ ልዩ የከተማው ዳርቻ ተዛወረ። ስለ መንገዱና ስለ ሕንጻው ማማር ሌላው ይጻፍ። ለእኛ ነገር የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ጎረቤት ሲበተን ምስክርም አብሮ ይበተናል። ቀድሞ ለዕድር ዳኛ ይነገር የነበረው ችግር ዛሬ ከነባንክ ሒሳብ ቁጥሩ በቴሌግራምና በቲክቶክ ይለቀቃል። የኩላሊት እጥበት የሚያስፈልገው ሕመምተኛም፣ ሕመምተኛ መስሎ የሚቀርበውም በአንድ መስኮት ይታያሉ። አንዱ ውሸታም ሲጋለጥ የሚቀጣው እርሱ ብቻ አይደለም። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው እውነተኛ ሕመምተኛ «ይህም እንደዚያኛው ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል። «ጅብ መጣ» እያለ የሚቀልደው እረኛ በተረት ውስጥ የራሱን በጎች ያስበላል፤ በስልክ ላይ የሚቀልደው ግን የሚያስበላው የሌላውን በግ ነው። የኪሳራው ነገር እንግዲህ ይህ ነው።

ሕግስ የለም ወይ የሚል ይኖራል። በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ሐሰተኛ መረጃ የሚያሰራጨውን ሰው እስከ 1 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ከ5,000 በላይ ተከታዮች ባሉት ገጽ ላይ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ከፍ ይላል። ሕጉ ዝና ኃላፊነትን እንደሚያከብድ መገንዘቡ መልካም ነው። ነገር ግን አዋጁ የሚመለከተው ሁከት ወይም ግጭት ሊያስነሣ የሚችለውን ሐሰት ነው፤ የሌላውን ሐዘን ለብሶ የሚታየውን ሰው አይነካውም። እንደዚሁም የሰብአዊ መብት ተሟጋቾች ይህን የመሰለ ሕግ እውነት የሚናገረውንም ዝም ሊያሰኝ ይችላል ብለው ሰግተዋል። ስለዚህ ነገሩን ሁሉ ለፖሊስ መተው አይገባም።

ማንኛውም ማስመሰል ወንጀል ነው ለማለት ግን አይደለም። ድሮ ፎቶ ቤት ገብቶ፣ ኮትና ክራቫት ተውሶ፣ ሥዕል ከተሣለበት መጋረጃ ፊት ቆሞ የተነሣ ሰው ብዙ ነው። ፎቶግራፉን ላገር ቤት ዘመድ ቢልክ ማንንም አልጎዳም፤ ዘመዱም ኮቱ የውሰት መሆኑን አያጣውም። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኮት ሲዋሱት ለባለቤቱ ይመለሳል፤ የሌላውን ቍስል ግን ለራስ ካደረጉት በኋላ መመለስ አይቻልም።

ምን ይደረግ? መልሱን ከሩቅ መፈለግ አያሻም፤ ዕድሩ አስተምሮናል። አንድ የሚያስለቅስ ነገር በስልካችን ላይ ሲመጣ፣ ከማስተላለፋችንና ገንዘብ ከመላካችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፤ ይህን ሰው በአካል የሚያውቀው ማን ነው? ነገሩ የሆነው የትና መቼ ነው? ገንዘቡን ተቀብሎ ሒሳብ የሚያወራርደውስ ማን ነው? ሦስቱን ለመጠየቅ አንድ ስልክ መደወል ብዙ ጊዜ ይበቃል። መልሱ ከተገኘ ሳንሰስት እንርዳ፤ ካልተገኘ ዝም ማለትም ሥራ ነው። በልዩ ልዩ ሰፈር የተበተንን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ ከማንም ይልቅ ለዚህ እንመቻለን፤ አንዳችን በማናውቀው ሰፈር ሌላችን ጎረቤት ነንና እርስ በርሳችን ምስክር መሆን እንችላለን። አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለዋል፤ ነገር ግን ሕመምተኛው እስኪነጋ መጠበቅ ላይችል ይችላልና እኛ መብራቱን ቀደም አድርገን እናብራ።