በዕጣ የወጣ ወንበር

አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ አብዛኛው አሜሪካ ምርጫ በማያስብበት ጎዶሎ ዓመት በራቸው ሲንኳኳ አይገረሙም። ቨርጂኒያ የግዛቷን ምክር ቤት የምትመርጠው ያኔ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታችኛው ምክር ቤት 100 ወንበር አለው፤ አባላቱ ዴሌጌት ይባላሉ፣ ዘመናቸው ሁለት ዓመት ነው። ደመወዙ በዓመት 17,640 ዶላር ስለሆነ ብዙዎቹ ሌላ መተዳደሪያ አላቸው። በግዛቷ ዋና ከተማ ሪችመንድ የሚሰበሰቡት ከጃንዋሪ ጀምሮ በአንዱ ዓመት 60፣ በሌላው 45 ቀን ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ለዘመቻ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው። ወረዳው የራሱ ፓርቲ ምሽግ የሆነለት ዴሌጌት በዚህ አይጨነቅም። አንገት ለአንገት የተያያዘው ግን ጉባኤው በተበተነ ማግስት ስልክ አንስቶ ገንዘብ መለመን ይጀምራል።

አንገት ለአንገት ማለት ምን ያህል ነው? በ2017 የኒውፖርት ኒውስ 94ኛ ወረዳ ዴሌጌት ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ ነበሩ። የከተማዋ ትምህርት ቦርድ አባል ዴሞክራቷ ሼሊ ሲመንድስ በ2015 ተሸንፈውላቸው፣ እንደገና መጡባቸው። በመጀመሪያው ቆጠራ ያንሲ በ10 ድምፅ በለጡ፤ በዳግም ቆጠራው ሲመንድስ በ1 ድምፅ ቀደሙ። በማግስቱ ሦስት ዳኞች ፊት አንድ ወረቀት ቀረበ። መራጩ የሁለቱንም ክብ አጥቁሮ፣ በሲመንድስ ክብ ላይ ደግሞ ጭረት አስምሮበታል። ዳኞቹ ድምፁን ለያንሲ ሰጡ፤ 11,608 ለ11,608 ሆነ።

እኩል ሲወጣ ዕጣ ይጣል ይላል ሕጉ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ስማቸው ተጽፎ በካሜራ ፊልም ብልቃጦች ገባ፣ ብልቃጦቹም በሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ተጨመሩ። የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ ጄምስ አልኮርን እንደ ዕቁብ ዳኛ እጃቸውን ሰደው አንዱን አወጡ፤ ያንሲ። ሰው የሚስቀው በሳህኑ ነው፤ እኔን የሚያስገርመኝ ግን ያች የእስክሪብቶ ጭረት ናት።

በዚያ ዕጣ ሪፐብሊካኖች 51 ለ49 ሆነው ቀሩ፤ ከምርጫው በፊት 66 ለ34 ነበሩ። ለዓመታት ሲቃወሙት የኖሩት የሜዲኬይድ (ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ማስፋፊያ በ2018 ከእነሱ ወገን ጭምር ድጋፍ አግኝቶ አለፈ። ብዙዎቹ ለቀጣዩ ምርጫ ሰግተው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ስጋቱም አለቦታው አልነበረም። አንዳንድ ወረዳዎች ዘርን መሠረት አድርገው ተከልለዋል ብሎ የፌዴራል ፍርድ ቤት ካርታው እንዲስተካከል አዘዘ፤ 94ኛው ወረዳም ድንበሩ ተለወጠ፣ ለዴሞክራቶችም ተመቸ። በ2019 ያንሲና ሲመንድስ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጥሙ ዳኛም ሳህንም አላስፈለገም፤ ሲመንድስ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ፣ የምክር ቤቱ አብላጫም ወደ ዴሞክራቶች ዞረ።